ከጠፈር የምትመለስ መንኩራኩር ለምን አትቀልጥም?

ጥያቄ፦ ንጋት ኮከብ

ጤና ይስጥልኝ። ከጠፈር ስለሚመለሱ መንኩራኩሮች ሳነብ ሰንብቼ ያልተፈቱልኝ ጥቂት ነገሮች ስለቀሩ፣ የምታውቁ ሰዎች እንድታብራሩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከጨረቃ ይመለሱ የነበሩት የአፖሎ መንኩራኩሮች ወደ ከባቢ አየር ሲገቡ ከፊታቸው የታጨቀው አየር ከፀሐይ ገጽ የበለጠ ይሞቅ እንደነበር አንብቤአለሁ። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ብረት ደግሞ 1,500ን ጥቂት አለፍ ሲል ይፈሳል። ታዲያ በዚያ እሳት መካከል ሦስት ሰዎችን በሕይወት ያሳለፈው ጋሻ ከምን ቢሠራ ነው? እንዲህ ያለውን ሙቀት የሚችል ቁስ በእጃችን ካለ፣ የማቅለጫ እቶኖችን ሁሉ ከእርሱ የማንሠራው ስለ ምን ነው?

ሌላው ግራ ያጋባኝ አየሩ ነው። ሮኬት ሲወጣ የሚያልፍበት አየርና መንኩራኩር ስትመለስ የምታልፍበት አየር አንድ ነው፤ ሲወጣ ግን አይነድም። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2012 ፊሊክስ ባውምጋርትነር 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከፊኛ ዘሎ ከድምፅ በላይ በሆነ ፍጥነት ወርዷል፤ ልብሱ እንኳ አልተለበለበም። ጋሻው ይህን ያህል ራስ የሚያዞር ነገር ከሆነስ፣ መንኩራኩሯ ገና ከአየሩ በላይ ሳለች ሞተሯን አስነሥታ ፍጥነቷን ካበረደች በኋላ ቀስ ብላ ብትወርድ ምን ይከለክላታል? በመጨረሻም አንዳንዱ ጋሻ እየነደደ እንዲያልቅ ታስቦ ሲሠራ ሌላው ሳይነካ ተመልሶ ደጋግሞ የሚበር መሆኑ እርስ በርሱ የሚቃረን ሆኖብኛል።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህሩ

ወዳጄ ንጋት፣ ከባውምጋርትነር ዝላይ ልነሣ፤ እርሱ ከተፈታ የቀረው ብዙው አብሮ ይፈታልና። ሰውየው የደረሰበት ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 1,357 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 377 ሜትር ገደማ ነበር። በዝቅተኛ ምሕዋር ምድርን የምትዞር መንኩራኩር ግን በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። ፍጥነቷ የእርሱን ሃያ እጥፍ ገደማ ነው፤ የእንቅስቃሴ ኃይል ግን ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የተሸከመችው ኃይል የእርሱን ከአራት መቶ እጥፍ በላይ ይሆናል። በቁጥር ሲቀመጥ በኪሎው 30 ሜጋጁል ገደማ ነው። አንድ ኪሎ አልሙኒየም ከተራ የክፍል ሙቀት ተነሥቶ እስኪቀልጥ 1 ሜጋጁል ገደማ ይበቃዋል። ከጨረቃ የምትመለሰዋ ደግሞ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ስለምትመጣ በኪሎው 60 ሜጋጁል ይዛ ትደርሳለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጣጣው የመጣው ከከፍታው ሳይሆን ከጎን ሩጫው ነው። ፊኛ ላይ የቆመ ሰው የጎን ሩጫ የለውም።

ሮኬት ሲወጣ የማይነደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወፍራሙን የታችኛውን አየር ገና ፍጥነት ሳያጠራቅም ወደ ላይ ይሻገረዋል፤ ዋናውን ፍጥነት የሚያገኘው አየሩ ከሳሳ በኋላ ወደ ጎን እያዘነበለ ነው። ስትመለስ ግን መንኩራኩሯ ያንን ሁሉ ፍጥነት የምታራግፍበት ሌላ ቦታ የላትም።

በሞተር ስለ ማብረድ የጠየቁት በሒሳቡ የሚወድቅ ነው። በተለመደው የኬሚካል ነዳጅ የሚሠራ ሞተር አንድ ቶን የምትመዝን መንኩራኩር ከምሕዋር ፍጥነት ወደ መቆም ለማድረስ፣ ነዳጁንና ኦክሲጅኑን አንድ ላይ አሥር ቶን ያህል ይፈጃል። ያ አሥር ቶን ደግሞ አስቀድሞ ከመሬት ተነሥቶ ምሕዋር መድረስ አለበት፤ ያን የሚያደርሰው ሮኬት ምን ያህል እንደሚገዝፍ እርስዎ ይገምቱት። አየሩ ግን ያለ ዋጋ የተቀመጠ ፍሬን ነው። ስለዚህ ሞተሩ ፍጥነቱን በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ ብቻ ቀንሶ መንገዷን ወደ አየሩ ያዘነብላል፤ የቀረውን አየሩ ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ያ ሁሉ ኃይል ወደ ሙቀት መለወጡ አይቀርም፤ ቁም ነገሩ ሙቀቱ የሚያርፈው በማን ላይ ነው የሚለው ነው። የብስክሌት ጎማ በእጁ የነፋ ሰው፣ ጥቂት እንደ ገፋ የፖምፓው ታችኛ ጫፍ እስከሚያቃጥል ድረስ እንደሚሞቅ ያውቃል። ያን የሚያሞቀው በአብዛኛው የታመቀው አየር ነው። መንኩራኩሯ ከድምፅ ፍጥነት ከሃያ እጥፍ በላይ ስለምትሮጥ፣ ከፊቷ ያለው አየር መምጣቷን አውቆ ዞር የሚልበት ጊዜ አያገኝም። እዚያው ይታጨቃል፤ ሾክ ዌቭ የሚባለው ስስ የግፊት ግድግዳ ይሠራል፤ አየሩ ያን ግድግዳ በሚያልፍበት ቅጽበት በሺዎች ዲግሪ ይግላል። ሞለኪውሎቹ ይሰባበራሉ፣ ከአቶሞቹም ኤሌክትሮኖች ይላቀቃሉ። መንኩራኩሯ ስትገባ ለጥቂት ደቂቃዎች የሬዲዮ ግንኙነት የሚጠፋው እነዚህ ልቅ ኤሌክትሮኖች ሞገዱን ስለሚጋርዱት ነው።

ከ1950ዎቹ በፊት መሐንዲሶች ሁሉ የሚያስቡት ሹል አፍንጫ ነበር፤ አየሩን እንደ መርፌ ሰንጥቆ የሚያልፍ ነገር ያነሰ ይሞቃል ብለው ነበር። የናሳ ቀዳሚ በነበረው በናካ የኤምስ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ጁልያን አለን ከአልፍሬድ ኤገርስ ጋር ያሳየው ተቃራኒውን ነው። አፍንጫው ሹል ከሆነ የግፊቱ ግድግዳ ከጫፉ ጋር ይጣበቅና ሙቀቱን እዚያው ያወርደዋል፤ ደነዝ ከሆነ ግን ግድግዳው ወደ ፊት ተገፍቶ ይቆማል። ሙቀቱ ከገላዋ ርቆ ይፈጠራል፤ አብዛኛውም ከሚፈሰው አየር ጋር ተጠርጎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ወደ ገላዋ የሚደርሰው ከጠቅላላው ኃይል ጥቂት መቶኛው ብቻ ነው። ግኝቱ በመጀመሪያ በምስጢር ተይዞ ነበር፤ በይፋ ታትሞ የወጣው በ1958 ነው። ዛሬም ቢሆን ሰው የሚመለስባቸው ካፕሱሎች ግርጌያቸውን አስቀድመው እንደ ሰፊ ሳሕን የሚገቡት ከዚያ የተነሣ ነው።

ሁለት ልኬቶች በአእምሮ ቢያዙ ይጠቅማሉ። የአፍንጫው ጥምዝ ራዲየስ አራት እጥፍ ሲሆን፣ ፊት ለፊት የሚደርሰው የሙቀት ፍሰት በግማሽ ይቀንሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሰቱ ስምንት እጥፍ ያድጋል። ይህ ከአየሩ በንክኪ የሚመጣው ሙቀት ብቻ ነው። ፍጥነቱ በጣም ሲበዛ የጋለው አየር ራሱ እንደ ፍም እያበራ ጨረሩን በገላዋ ላይ ያፈስበታል፤ በዚህ ጊዜ የአፍንጫው መስፋት ብዙ የሚያበራ አየር ከፊቷ እንዲከማች ስለሚያደርግ ጥቅሙ እየተሸረሸረ ይሄዳል።

መልስ፦ ዘወትር አንባቢ

መምህር፣ በአክብሮት ልቃወምዎ። ሁላችንም ሙቀቱ የሚመጣው ከሰበቃ ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ መዳፍ ከመዳፍ ሲፋተግ እንደሚሞቀው ማለት ነው። መጻሕፍቱም እንደዚሁ ይላሉ። እርስዎ ግን ሰበቃውን ጨርሶ አላነሡትም። እውነት ምንም ድርሻ የለውም?

መልስ፦ የፊዚክስ መምህሩ

ድርሻ አለው፤ አሳጥሬ በመጻፌ ጥፋቱ የኔ ነው። ከገላዋ ጋር ተለጥፎ የሚፈስ እጅግ ስስ የአየር ንጣፍ አለ። በጎኖቿ በኩል ይህ ንጣፍ በሰበቃ ይሞቃል፤ ከግፊቱ ግድግዳ የመጣውም ሙቀት ወደ ገላዋ የሚደርሰው ይህንኑ ንጣፍ አቋርጦ ነው። ከፊት ለፊት፣ ሙቀቱ ከሁሉ በሚበረታበት ቦታ ግን አየሩ ሊፋተግ ቀርቶ ቆሟል ማለት ይቻላል፤ እዚያ የሚያሞቀው እመቃው ነው። «ሰበቃ» የሚለው ቃል የማይመቸኝ አንባቢውን ወደ ሹል አፍንጫ ስለሚመራው ነው። ነገሩ ሰበቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለስላሳና ቀጭን ቅርጽ ባሸነፈ ነበር።

መልስ፦ ባለ እቶኑ

የማቅለጫ እቶን ውስጠኛ ግድግዳ በመገንባትና በመጠገን ለዓመታት ስለሠራሁ፣ «እቶኖችን ሁሉ ከእርሱ የማንሠራው ስለ ምን ነው» የምትለዋ ጥያቄ ለእኔ የተጻፈች መሰለችኝ። እቶን ለወራት ሳይጠፋ ይነዳል። ግድግዳው በመጨረሻ በጀርባው በኩል መጋሉ ስለማይቀር፣ ቁሱ ሙቀቱን በእውነት መቻል አለበት። የካፕሱል ጋሻ ግን የሚፈተነው በደቂቃዎች ለሚቆጠር ጊዜ ነው። ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሠርጎ አልሙኒየሙ ጋ ሳይደርስ መንኩራኩሯ ከእሳቱ ከወጣች ሥራው ተፈጽሟል። የአፖሎ ጋሻ ፊቱ 2,700 ዲግሪ አካባቢ ይደርስ ነበር፤ እቶን ውስጥ ብናደርገው ግን ብዙም ሳይቆይ ከሰልና አመድ ይሆንብናል።

እየነደደ የሚያልቀውን ጋሻ ለመረዳት እሳት ውስጥ የገባ ወፍራም ግንድ ይመልከቱ። ውጪው ከስሎ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል፤ ያ ቅርፊት ሙቀት በደንብ ስለማያሳልፍ በመጥረቢያ ቢሰነጠቅ መሐሉ ገና ነጭ እንጨት ሆኖ ይገኛል። ነገሩ ተረት እንዳይመስልዎ፣ ቻይና በቀደሙት ተመላሽ ሳተላይቶቿ ላይ ከኦክ እንጨት የተሠራ ጋሻ ተጠቅማለች። በዘመናዊዎቹ ጋሻዎች የእንጨቱን ቦታ ሬዚን የሚባል ሙጫ መሰል ቁስ በቃጫ ተጠናክሮ ይይዘዋል። ሬዚኑ ሲግል ይፈርስና ጋዝ ይሆናል፤ መፍረሱ ራሱ ሙቀት ይበላል። ጋዙ በከሰሉ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ውጭ ሲወጣ ከሰሉን ያቀዘቅዘዋል፤ ከወጣም በኋላ የጋለውን አየር ከገላዋ ላይ ገፋ ያደርገዋል። ከሰሉ ደግሞ እንደ ፍም ግሎ ሙቀቱን በጨረር መልሶ ይተፋዋል። ከላይ የተላጠው ቅንጣት ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በአንድ ጊዜ ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠራ ሌላ ቁስ እኔ አላውቅም።

የአፖሎው ጋሻ አቭኮት ይባል ነበር። በፋይበር ግላስ እንደ ማር እንጀራ የተሠራ መዋቅር መንኩራኩሯ ላይ ይለጠፋል፤ ከ300,000 በላይ የሆኑት ክፍሎች አንድ በአንድ፣ በእጅ በሚያዝ መርጫ፣ በሠራተኛ ይሞላሉ። ከዚያ በኤክስሬይ ይመረመራሉ፤ አየር የቋጠረ ክፍል ከተገኘ በመሰርሰሪያ ተቦርቡሮ እንደገና ይሞላል። ግድግዳ ሠሪ ነኝና ይህን ሳነብ ለሠራተኞቹ ወገብ አዘንኩ። የሥራው ጥራት ግን የሚያስቀና ነው።

ከዚያ በኋላ ቀለል ያሉ መጥተዋል። ፒካ የሚባለው ከካርቦን ቃጫና ከፊኖሊክ ሬዚን የተሠራ ሲሆን፣ ክብደቱ በተመሳሳይ መጠን ካለ ውኃ ሩብ ብዙም አይበልጥም። የኮሜት አቧራ ይዛ የመጣችው ስታርደስት በጥር 2006 በሰከንድ 12.9 ኪሎ ሜትር ገብታ በሰላም ያረፈችው በእርሱ ነው። ከሁሉ የከፋውን የቀመሰችው ግን በ1995 ጁፒተር ውስጥ የገባችው የጋሊሊዮ ተወርዋሪ መመርመሪያ ናት። በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ነው የገባችው። ጠቅላላ ክብደቷ 339 ኪሎ ሆኖ 152 ኪሎው ጋሻ ብቻ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ 80 ኪሎ ያህሉ በዚያች አጭር ጊዜ ተንኖ ጠፍቷል።

የሚቃረን ሆኖብኛል ወዳሉት ወደ ሁለተኛው ዓይነት ስመጣ፣ የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኩር ሸትል ክንፍ ስለነበራትና እንደ አውሮፕላን ተንሸራታ ስለምትወርድ ሙቀቱ ረዘም ላለ ጊዜ፣ ግን በዝቅተኛ ፍሰት ነበር የሚያገኛት። ደግማ ደጋግማ መብረር ስለነበረባትም የሚያልቅ ጋሻ አይሆናትም። ሆዷ በሲሊካ ጡቦች ተሸፈነ። ሲሊካ አሸዋ ውስጥ የምናገኘው ነገር ነው፤ እነዚህ ግን እጅግ ከተጣራ የሲሊካ ቃጫ የተሠሩ ሆነው ከይዘታቸው 94 በመቶው ባዶ ቦታ ነበር። በእጅ ሲያዙ ደረቅ አረፋ የያዙ ያህል ይቀላሉ፤ አንድ ሜትር ኩብ 144 ኪሎ ብቻ ነው የሚመዝነው። በብርቱ ሙቀት ከጋለ እቶን ገና የወጣ፣ መሐሉ እንደ ፍም የሚያበራ ጡብ ጠርዙን በባዶ ጣት መያዝ ይቻላል፤ ጠርዙ ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ከመሐል ያለው ሙቀት ደግሞ ወደ ጣት የሚመጣበት መንገድ አያገኝም። የሆዱ ጡቦች ጥቁር የመስታወት ልባስ ነበራቸው፤ ጥቁሩ ሙቀትን በጨረር አውጥቶ ለመጣል ይመቻል። እስከ 1,260 ዲግሪ ድረስ ተቀጣጥለው አያልቁም፤ ከሥራቸው ያለው አልሙኒየም ግን ከ175 ማለፍ አልነበረበትም።

ጡቡ ቀጥታ አልሙኒየሙ ላይ አይለጠፍም። አልሙኒየም ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ጡቡ ግን አይለጠጥም፣ ተሰባሪም ነው። ስለዚህ በመካከላቸው የሚለመጥ ወፍራም ጨርቅ በሲሊኮን ማጣበቂያ ይገባል፤ በጡብና በጡብ መካከልም ስስ ክፍተት ይተዋል። ቁጥራቸው ወደ 24,000 ይደርስ ነበር፤ ቅርጻቸው ስለሚለያይ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥርና የራሱ ቦታ ነበረው። አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር፤ ሸትል አርፋ መንኮራኩሮቿ ከቆሙ በኋላ እንኳ ሙቀቱ በጡቦቹ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አልሙኒየሙ መጓዙን አያቆምም ነበር። ጡብ ሙቀትን አያጠፋም፤ ያዘገየዋል።

ከጡቡ አቅም በላይ የሚሞቁት አፍንጫዋና የክንፎቿ የፊት ጠርዝ ደግሞ በካርቦን ቃጫ ከተጠናከረ ካርቦን የተሠሩ ነበሩ። ኮሎምቢያ የጠፋችው እዚያ ላይ ነው። በጥር 2003 ስትነሣ፣ ከተነሣች 82 ሰከንድ ገደማ ሲሆናት፣ ከውጭ የነዳጅ ጋኑ የተላቀቀ አንድ ኪሎ የማይሞላ የአረፋ ቁራጭ የግራ ክንፏን የፊት ጠርዝ መታው። የካቲት 1 ቀን በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ስትመለስ የጋለው አየር በቀዳዳው ገብቶ ክንፉን ከውስጥ በላው፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። በኋላ መርማሪዎቹ ተመሳሳይ አረፋ በመድፍ መሰል መሣሪያ በእውነተኛ የክንፍ ጠርዝ ላይ ሲተኩሱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ቀዳዳ ተከፈተ። አረፋ ካርቦንን ይበሳል ብሎ ያሰበ ጥቂት ሰው ነበር። ጥፋቱ የደረሰው ቁሱ ሙቀቱን መቻል አቅቶት ሳይሆን፣ የሸፈነው ቦታ በመከፈቱ ብቻ ነው።

ንጋት ኮከብ

እጅግ አመሰግናለሁ። እቶንና ጋሻን የለየው የጊዜው ነገር እንደሆነ አላሰብኩትም ነበር። ከዚህ ተነሥቼ ሁለት ነገር ልጠይቅ። ነገሩ ማዘግየት ከሆነ ጋሻውን ሁለት እጥፍ አወፍሮ ከጭንቀት መገላገል አይቻልም ወይ? ደግሞስ መንኩራኩሯ አየሩን በገር ሁኔታ፣ በትንሽ ማዕዘን ብትገባ ሙቀቱ ቀንሶ ሁሉም ነገር አይቀልላትም?

መልስ፦ የፊዚክስ መምህሩ

ስለ ማዕዘኑ እኔ ልመልስ፣ ስለ ቁሱ ባለሙያው ይቀጥሉ። በቁልቁል ብትገባ ወፍራሙን አየር ገና ሙሉ ፍጥነቷን ይዛ ታገኘዋለች፤ የሙቀቱ ፍሰት ጣሪያ ይነካል፣ በውስጥ ያሉትም ሰዎች ከክብደታቸው ብዙ እጥፍ ይጫናቸዋል፤ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል። በለዘብታ ብትገባ ፍሰቱ ይቀንሳል፤ ቆይታው ግን ስለሚረዝም በጠቅላላው የምትቀበለው ሙቀት ይጨምራል። ያን ጊዜ የጋሻውን ፊት የሚፈትነው ነገር ቀንሶ ውፍረቱን የሚፈትነው ይበዛል። ከመጠን በላይ ከለዘበ ደግሞ አየሩ በበቂ አይዛትም፤ ከጨረቃ የመጣች ከሆነች ተመልሳ ወደ ጠፈር ትወጣለች። የአፖሎ ሰዎች ከአግድሙ 6.5 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብለው ለመግባት ያነጣጥሩ ነበር፤ የተፈቀደላቸው ስሕተት ወዲህም ወዲያም አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ነበር።

መልስ፦ ባለ እቶኑ

ማወፈሩ ክብደት ነው፤ ከጋሊሊዮ መመርመሪያ እንዳዩት ጋሻው የጭነቱን ግማሽ ሊበላው ይችላል። «ገር ከሆነ ይቀልላታል» የሚለው ግምት ግን የብዙ ባለሙያዎችም ግምት ስለነበር በሰፊው ልመልሰው።

በኅዳር 2022 ሰው ሳይዝ ወደ ጨረቃ የሄደው የአርጤምስ አንድ በረራ ኦሪዮን የተባለች መንኩራኩር ነበረችው። ጋሻዋ 5 ሜትር ስፋት ያለው፣ ቁሱ ከአፖሎ የተወረሰው አቭኮት ሆኖ፣ አሠራሩ ግን ተለውጦ ነበር። ክፍሎችን አንድ በአንድ በእጅ መሙላት አድካሚ ስለሆነ፣ በዚህ በረራ አቭኮቱ አስቀድሞ እንደ ጡብ ተሠርቶ 186 ያህል ብሎኮች ሆኖ ነው የተለጠፈው። አገባቧም እንደ አፖሎ አልነበረም። ውኃ ላይ እንደተወረወረ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንድ ጊዜ ወደ አየሩ ገብታ፣ ተመልሳ ከፍ ብላ፣ እንደገና ገባች። በታኅሣሥ 11 በሰላም ውኃ ላይ አረፈች፤ የውስጧም ሙቀት ለሰው የሚመች ሆኖ ቆይቷል። ጋሻው ሲታይ ግን ከመቶ በላይ በሆኑ ቦታዎች ከሰሉ በስሱ ከመላጥ ይልቅ እየተቦረቦረ በቁርጥራጭ ወድቆ ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ፤ ናሳ በታኅሣሥ 2024 ይፋ ሲያደርገው ለእኛ ለእሳት ሠራተኞች እጅግ የሚጣፍጥ ትምህርት ሆነ። መንኩራኩሯ ከመጀመሪያው መግባት በኋላ ከፍ ብላ በቆየችባቸው ደቂቃዎች ውጫዊው ሙቀት ረገብ ብሎ ነበር። ሙቀቱ ሲረግብ ከሰል መሠራቱ ይዘገያል፤ የጋለው ውስጠኛ ክፍል ግን ጋዝ ማፍለቁን አያቆምም። ከሰል ከተሠራ ቀዳዳማ ስለሚሆን ጋዙ ይወጣል፤ ገና ያልከሰለው አቭኮት ግን ጋዝ አያሳልፍም። ጋዙ ውስጥ ታምቆ ግፊቱ አደገ፣ ቁሱ ተሰነጠቀ፣ ቁራጩ ተገፍቶ ወደቀ። ባጋጣሚ ጋዝ ያሳልፍ የነበረው የአቭኮት ክፍል ግን አልተሰነጠቀም። በምድር ላይ በተደረጉት ፈተናዎች ይህ ያልታየው፣ ፈተናው በረራው ካጋጠመው የበረታ ሙቀት ስለነበረ ነው፤ በብርቱ እሳት ከሰሉ ቶሎ ይሠራና ጋዙ መውጫ ያገኛል። የፈተናውን ሙቀት ሲቀንሱት ስንጥቁ መጣ። ፈታኙ ቁሱን ያስጨነቀው መስሎት የበረራውን ችግር ሸሽጎታል ማለት ነው።

በእኛ እቶን ውስጥም ይህ ይደርሳል። አዲስ የተሠራ ግድግዳ ውስጥ የቀረ ርጥበት ቀስ ብሎ መውጫ ካላገኘ፣ እሳቱ ሲጨመርበት እንፋሎቱ ግድግዳውን እንደ ጥይት ያፈነዳዋል። አንድ ጊዜ ለማድረቂያ የተመደበውን ጊዜ ያሳጠረ ኃላፊ በፈነዳ ግድግዳ ፊት ቆሞ አይቻለሁ። ስለዚህ «ይወፍር» ለሚለው መልሴ፣ ውፍረቱ ሁለት እጥፍ ቢሆን ያ ጋዝ የሚወጣበት መንገድ ይረዝም ነበር እንጂ ችግሩ አይፈታም ነበር የሚል ነው። ናሳም ለቀጣዩ በረራ የወሰነው ጋሻውን እንዳለ ትቶ መንገዱን መለወጥ፣ ማለትም ከፍ ብላ የምትቆይበትን ጊዜ ማሳጠር ነው። ከዚያ በኋላ ለሚሠሩት ግን አቭኮቱ ጋዝ በእኩል የሚያሳልፍ ሆኖ እንዲመረት ተወስኗል።

መልስ፦ ዘወትር አንባቢ

ሁለቱ ባለሙያዎች ስለ ጋሻው ፊት ብዙ ስላሉ፣ እኔ ጋሻው በሌለበት በኩል ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ታሪክ ላምጣ። በጥር 18 ቀን 1969 የሶቪየቱ ጠፈርተኛ ቦሪስ ቮሊኖቭ ብቻውን በሶዩዝ 5 መንኩራኩር ሲመለስ፣ ከኋላ ያለው የአገልግሎት ክፍል መላቀቅ እያለበት ሳይላቀቅ ቀረ። ጋሻው በተጣበቀው ክፍል ስለተጋረደ መንኩራኩሯ ዞራ በአፍንጫዋ፣ ማለትም ስሱ መዝጊያ ባለበት በኩል ወደ አየሩ ገባች። ቮሊኖቭ የመዝጊያው ላስቲክ ሲቃጠል ይሸተው ነበር፤ ክፍሉም በጭስ ተሞላ። ያዳነው፣ ሁለቱን ክፍሎች ያያዟቸው ማሰሪያዎች ከመዝጊያው በፊት መበጠሳቸው ነው። የአገልግሎት ክፍሉ ሲላቀቅ ካፕሱሏ በራሷ ክብደት አቀማመጥ ተገልብጣ ጋሻዋን ወደ ፊት መለሰች። ዣንጥላው በደንብ ስላልተዘረጋ መሬቱን ክፉኛ መታው፤ ጥርሶቹ ተሰበሩ፣ ሰውየው ግን ተረፈ፣ በኋላም እንደገና በረረ። በራሷ የመገልበጧ ነገር ዕድል አልነበረም፤ ክብደቷ ወደ ጋሻው በኩል እንዲያደላ ተደርጋ የተሠራችው አየሩ ራሱ እንዲያስተካክላት ነው።

ንጋት ኮከብ

ይህን ስላነሡ፣ የሶዩዝ ጋሻ ካፕሱሏ ገና በዣንጥላ ላይ ተንጠልጥላ ሳለች ተላቅቆ እንደሚጣል አይቻለሁ። ያን ያህል የተደከመበትን ነገር ከማረፏ በፊት ለምን ይጥሉታል?

መልስ፦ ባለ እቶኑ

በዚያ ከፍታ እሳቱ አልቋል፤ ጋሻው ሙቀት የያዘ ትርፍ ክብደት ብቻ ነው። ደግሞም ከሥሩ ሁለት ነገሮች ተሸፍነው ይገኛሉ፤ አንዱ ከፍታዋን የሚለካው መሣሪያ፣ ሌላው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ሲቀራት ተተኩሰው ምቱን የሚያለዝቡላት ትንንሽ ሮኬቶች። ጋሻው ካልወደቀ ሮኬቶቹ መውጫ የላቸውም።